በሐረር ስድስት በሮች ወደ ፒ-አዲክ ግሩፖች፦ ሪፕረዘንቴሽንን በእርሳስ መጀመር

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ማስተርሱን ጀምሯል፤ የተሰጠው ርዕስ በኖን-አርኪሜዲያን ሎካል ፊልድ (እንደ ፒ-አዲክ ቁጥሮች ባለ) ላይ ያሉ የክላሲካል ግሩፖች (እንደ ሲምፕሌክቲክና ኦርቶጎናል ያሉ የማትሪክስ ግሩፖች) ሪፕረዘንቴሽን ነው። «ቲቸር፣ ዴፊኒሽኑን ሁሉ ሸምድጃለሁ፤ አንድ ምሳሌ አምጣ ሲሉኝ ግን ባዶ ነኝ» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በረንዳዬ ላይ ሆኜ «ጂ ሪዳክቲቭ ግሩፕ ይሁን» የሚለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት የማውቀው እኔና ወንበሬ ነን። በስልክ ልነግረው ስጀምር ኔትወርኩ ተቆረጠ፤ ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት። ለእሱ ነው፤ ሌላም ሰው ከጠቀመው ደስ ይለኛል።

የሚያስፈልግህ ማትሪክስ ማባዛት፣ ግሩፕ ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ስለ ፊኒት ግሩፕ ሪፕረዘንቴሽን ትንሽ፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው። ላጲሱን አትናቀው። አንድ የቤት ሕግም አለኝ፦ ከሰዓት በኋላ በምርቃና የተገኘ ማረጋገጫ ሁሉ ጠዋት በባዶ ሆድ ይፈተሻል። ግማሹ አይተርፍም።

መጀመሪያ «ፒ» የምትለውን፣ ለማንኛውም ፕራይም ቁጥር የምትቆመውን ፊደል ጣላት፤ በቦታዋ 5 አስቀምጥ። 2ን አትምረጥ፤ ክላሲካል ግሩፖች የሚሠሩት ከኳድራቲክ ፎርም ጋር ነው፤ እዚያ ደግሞ ለሁለት ማካፈል በየደቂቃው ይመጣል፤ ለ2-አዲክ ይሄ ራስ ምታት ነው። 3 ደህና ነው፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ነገሮች በአጋጣሚ እኩል እየሆኑ ያታልሉሃል። 5ን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሐረር ነው፤ እመጣበታለሁ።

በ5-አዲክ ዓለም ሁለት ቁጥሮች የሚቀራረቡት ልዩነታቸው ለ5፣ ለ25፣ ለ125 እያለ ብዙ ጊዜ ሲካፈል ነው። የ5 ፍጹም ዋጋ 1/5 ነው፣ የ25 ደግሞ 1/25። ስለዚህ 1 እና 626 ጎረቤታሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው 625 ነዋ። 5 እና 6 ግን የተራራቁ ናቸው። ይሄ ግራ ከገባህ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ግባ። የአክስቴ ቤትና የጀርባ ጎረቤቷ ቤት በአንድ ግንብ ይደገፋሉ፤ ሳል እንኳን ይሰማል። ቡና ልትጠራት ስትፈልግ ግን በሷ መግቢያ ወጥታ፣ ቀጭኗን መንገድ ጨርሳ፣ ትልቁ መንገድ ደርሳ፣ እንደገና በሌላ ቀጭን መንገድ መግባት አለባት። የ5-አዲክ ርቀት እንደዚያ ነው፤ ግንቡን አይቆጥርም፣ ስንት መጋጠሚያ ወደ ኋላ ተመልሰህ እንደምትገናኝ ይቆጥራል።

ኖን-አርኪሜዲያን ማለትም ይኸው ነው። በተራው ቁጥር ትንሽ ነገር ደጋግመህ ከደመርክ ይተልቃል። እዚህ ግን 5ን የፈለግከውን ያህል ጊዜ ደምረው፣ ከ5 ብዜት አይወጣም፤ መጠኑ ከ1/5 አይበልጥም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ አይሄድም።

አሁን እጅህን አስገባ። −1 በ5-አዲክ ቁጥሮች ውስጥ ዳግም ዘር አለው፤ እንፈልገው። 2×2=4፣ አንድ ሲጨመር 5፤ ለ5 ይካፈላል። ቀጥሎ 7፦ 49+1=50፣ ለ25 ይካፈላል። ከ7 ወደሚቀጥለው እንዴት እንደምሄድ ላሳይህ፤ ሁሉም ነገር እዚህ ስላለ። የምፈልገው ቁጥር 7+25ተ ነው፤ «ተ» ከ0 እስከ 4 ያለ አሃዝ ነው። በራሱ ሳባዛው 49+350ተ እና ለ625 የሚካፈል ነገር ይመጣል። አንድ ልጨምር፦ 50+350ተ። ይሄ ለ125 እንዲካፈል እፈልጋለሁ። ለ25 አካፍለው፦ 2+14ተ ለ5 መካፈል አለበት። 14 ለ5 ሲካፈል ቀሪው 4 ነው፤ ስለዚህ 2+4ተ። ተ=2 ስትሆን 10፤ አለቀ። ቁጥሩ 57 ነው፤ 57×57+1=3250፣ ማለትም 26×125። ቀጣዩን ራስህ አውጣው፤ 182 ካልመጣልህ ወደ ኋላ ተመለስ። በየደረጃው የምትፈታው አንድ ቀላል የቀሪ ጥያቄ ብቻ መሆኑን ልብ በል። ኩርት ሄንዝል እነዚህን ቁጥሮች ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ የእኛ ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት በጀመረበት ዓመት። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1902 ነው።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ። ጁገል አምስት የድሮ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው በኋላ የተጨመረው ነው፤ አምስቱ አንድ ቤተሰብ፣ እሱ ለብቻው። ይሄን በአእምሮህ ያዝ።

በ5-አዲክ አውሮፕላን (ማለትም በሁለት 5-አዲክ ቁጥሮች የሚጻፉ ነጥቦች ሁሉ) ላይ ሁለት የማይተካኩ ቬክተሮች ውሰድ፤ በ5-አዲክ ኢንቲጀሮች እያባዛህ የምትደምረው ሁሉ ላቲስ ይባላል። አንዱን ላቲስ በቁጥር ብታባዛው እንደዚያው እንደሆነ ቁጠረው። እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ላቲስ እንደ አንድ አንጓ በነጥብ ሳለው። ከአንድ ላቲስ ጎረቤት የሚሆኑት በሱና በ5 እጥፉ መካከል በትክክል ያሉት ናቸው። ስንት ናቸው? ጥያቄው ቀሪን በ5 ወስደህ «በአውሮፕላኑ ላይ በመነሻው የሚያልፉ ስንት መስመሮች አሉ» ወደሚለው ይለወጣል። በ(0፣1)፣ በ(1፣1)፣ በ(2፣1)፣ በ(3፣1)፣ በ(4፣1) የሚያልፉ አምስት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ደግሞ ለብቻው በ(1፣0) የሚያልፈው፣ ሒሳበኞች «ኢንፊኒቲ» የሚሉት። አምስት አሮጌ በርና አንድ የተጨመረ። ይሄን ያየሁት ሚኒባስ ውስጥ፣ ደንገጎን ስንወጣ ነው፤ ጎኔ የተቀመጡት እናት ለምን ብቻዬን እንደሳቅሁ ዘወር ብለው አዩኝ።

እያንዳንዱ በር ስታልፈው ሌላ ስድስት በር ያለው ከተማ ነው፤ አንዱ የመጣህበት፣ አምስቱ አዲስ። ዞረህ በሌላ መንገድ ወደ መጀመሪያው አትመለስም፤ ስለዚህ ስዕሉ ዛፍ ነው። ከመሃል ጀምረህ ቁጠር፦ 1፣ 6፣ 30፣ 150። እስከ ሦስተኛው ዙር 187 አንጓ። እኔ ካርቶን ላይ ልስለው ሞክሬ ሦስተኛው ዙር ላይ ቦታ አለቀብኝ። ስዕሉን ለ2 (ሦስት ጎረቤት) ሳለው፣ ቆጠራውን ግን ለ5 አድርግ። የዚህ ዛፍ ትልልቅ ዘመዶች «ቢልዲንግ» ይባላሉ፤ ብሩሃና ቲትስ በ1972 ባወጡት ሥራ አጥንተዋቸዋል።

ጂኤል-ሁለት፣ ማለትም የሚገለበጡት ባለ ሁለት በሁለት 5-አዲክ ማትሪክሶች ግሩፕ፣ ይሄን ዛፍ ያንቀሳቅሰዋል። የመሃሉን አንጓ ቦታው የሚያቆዩት፣ ስኬሉን ትተን፣ በ5-አዲክ ኢንቲጀር የተጻፉና ዲተርሚናንታቸው ለ5 የማይካፈል ማትሪክሶች ናቸው። እነዚህ ከተማዋን ሳይነኩ ስድስቱን በሮች ያቀያይራሉ፤ የትኛውንም በር ወደ የትኛውም ይወስዳሉ። አንድ በርን ጭምር የሚጠብቁት ደግሞ ኢዋሆሪ የሚባለው ንዑስ ግሩፕ ነው። ሁለቱም ኮምፓክት (የተዘጉና የተገደቡ) ናቸው፣ ሁለቱም ኦፕን (ለእያንዳንዱ አባላቸው በጣም የቀረቡትን ማትሪክሶች ሁሉ የያዙ) ናቸው። በእውነተኛ ቁጥሮች ላይ እንዲህ ያለ ነገር አታገኝም፤ የዚህ ትምህርት ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስሙዝ ሪፕረዘንቴሽን የሚለውን ዴፊኒሽን አሁን በአንድ አፍ ልንገርህ፦ እያንዳንዱ ቬክተር ለአይደንቲቲ በበቂ ሁኔታ የቀረቡ ማትሪክሶች አያንቀሳቅሱትም። ቬክተሩ እስከ ተወሰነ ዙር ያለውን በር ያያል፣ ከዚያ በታች ያለው ቢታመስ ግድ የለውም። አድሚሲብል ደግሞ እስከዚያ ዙር ብቻ የሚያዩት ቬክተሮች ፊኒት ዳይሜንሽን አላቸው ማለት ነው። ሌላው ዝርዝር ሲያስፈልግህ ይመጣል።

አሁን ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ቦታ ደረስን። ለእያንዳንዱ አንጓ አንድ ቁጥር ስጥ። የሄከ ኦፕሬተር ማለት በየአንጓው የነበረውን ቁጥር ሰርዞ የስድስቱን ጎረቤቶች ድምር የሚጽፍ ነው። ከመሃል ባለው ርቀት ብቻ የሚወሰን፣ መሃሉ ላይ 1 የሆነ፣ ኦፕሬተሩ በአንድ ቁጥር የሚያባዛው ፋንክሽን ፈልግ። ማባዣውን ላምዳ በለው። መሃሉ ላይ፦ ላምዳ ከአንደኛው ዙር ዋጋ 6 እጥፍ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ወዲያ፦ ላምዳ ሲባዛ በአንድ ዙር ዋጋ፣ ከውስጠኛው ዙር ዋጋና ከውጭኛው 5 እጥፍ ድምር ጋር እኩል ነው። ላምዳ 6 ከሆነ ሁሉም 1 ይሆናል፤ ይሄ ትሪቪያል ሪፕረዘንቴሽን ነው። ላምዳ ከ−2√5 እስከ 2√5 ሲሆን ቴምፐርድ የሚባሉት (ዋጋቸው ወደ ውጭ ሲሄዱ በበቂ ፍጥነት የሚቀንስ) ይመጣሉ።

አሁን ላምዳን 0 አድርግና በእርሳስ ሂድ። አንደኛ ዙር 0። ሁለተኛ ዙር፦ 0 = 1 + 5 እጥፉ፣ ስለዚህ −1/5። ሦስተኛ 0። አራተኛ 1/25። ጎዶሎ ርቀት ላይ ሁሉ ዜሮ ነው። «እሺ፣ ታዲያ ምን ይጠበስ?» ትለኛለህ። ቆይ አቦ።

ይህ ፋንክሽን የሚነግርህ በአንድ ሪፕረዘንቴሽን ውስጥ ያሉ ቬክተሮችን ኢነር ፕሮዳክት ነው። ለእያንዳንዱ አንጓ፣ ያንን አንጓ የሚጠብቁ ማትሪክሶች የማያንቀሳቅሱት አንድ ቬክተር አለ፤ የሁለቱ አንጓ ቬክተሮች ኢነር ፕሮዳክትም በመካከላቸው ባለው ርቀት የምታነበው ዋጋ ነው። እነዚህ ቬክተሮች ተሰባስበው መላውን ሪፕረዘንቴሽን ይሞሉታል። ላምዳ 0 ሲሆን ታዲያ በመካከላቸው ጎዶሎ ርቀት ያለ የሁለት አንጓዎች ቬክተሮች ቀጤ ናቸው፤ ኢነር ፕሮዳክታቸው 0 ነው። አሁን ከጂኤል-ሁለት ወደ ኤስኤል-ሁለት፣ ዲተርሚናንታቸው 1 ወደሆነው፣ ውረድ። ኤስኤል-ሁለት አንድን አንጓ ጎዶሎ ርቀት አይወስድም፤ ዛፉን እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ብትቀባው ነጩን ወደ ነጭ፣ ጥቁሩን ወደ ጥቁር ብቻ ይልካል። ስለዚህ የነጮቹ ቬክተሮች አንድ ክፍል፣ የጥቁሮቹ ሌላ ክፍል ይሆናሉ፤ ክፍሎቹ ቀጤ ናቸው፣ ኤስኤል-ሁለትም አንዱን ከሌላው አይቀላቅልም። ለጂኤል-ሁለት አንድ የነበረው ሪፕረዘንቴሽን ለሁለት ተሰነጠቀ።

ይሄን በአራት መስመር ማካፈል በእጅህ አረጋገጥክ። ኤስኤል-ሁለት ደግሞ ሌላ ሳይሆን ኤስፒ-ሁለት፣ የመጀመሪያው ሲምፕሌክቲክ ግሩፕ ነው፤ ርዕስህ ውስጥ ያለው «ክላሲካል» የሚለው ቃል ከጂኤል ለምን እንደሚለይ እነሆ። የተሰነጠቁት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከላንግላንድስ ወገን (ሪፕረዘንቴሽኖችን ከጋሎዋ ግሩፕ ጋር ከሚያያይዘው) የሚሰጣቸው ፓራሜትር አንድ ነው፤ እንዲህ ያለው ስብስብ ኤል-ፓኬት ይባላል። ላቤስና ላንግላንድስ ይሄን ለኤስኤል-ሁለት በ1979 ጽፈውታል። እኔ ፓኬት የሚለውን ቃል ዓመት ሙሉ አንብቤው ምን እንደሆነ የገባኝ ዳማ ሰሌዳውን ስቀባ ነው።

አሁን ደግሞ ሦስት ወር ያስበላኝን ጉዳይ ልንገርህ። ከላይኛው ትሪያንግል ግሩፕ ተነስተህ፣ በዲያጎናሉ ላይ ሁለት ካራክተር (ባለ አንድ ዳይሜንሽን ሪፕረዘንቴሽን) ሰጥተህ ኢንዲውስ ስታደርግ፣ ማለትም ወደ መላው ግሩፕ ስታሳድገው፣ ፕሪንሲፓል ሲሪስ ይመጣል። መቼ ይሰነጠቃል? አንድ ጽሑፍ «የሁለቱ ካራክተሮች ውድር ከ5-አዲክ ፍጹም ዋጋ ወይም ከግልብጡ ጋር እኩል ሲሆን» አለኝ። ሌላው «ውድሩ 1 ሲሆን፣ ወይም የፍጹም ዋጋው ዳግም ርቢ ሲሆን» አለኝ። አንዱ ተሳስቷል ብዬ ሁለቱንም እንደገና እየሠራሁ ሦስት ወር ጨረስኩ፤ በየምሽቱ መብራት ሲጠፋ በሻማ ጭምር። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። አንደኛው ኖርማላይዝድ ነው፤ የሞዱለስ ካራክተሩን (ትሪያንግል ግሩፑ መጠን የሚለውጥበትን ልክ) ግማሽ አስቀድሞ ጨምሮበታል፣ ዩኒተሪ (ኢነር ፕሮዳክት የሚጠብቅ) የነበረው ዩኒተሪ ሆኖ እንዲወጣ። ሁለተኛው አልጨመረም። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ በአንዲት መስመር ተጽፎ ነበር፤ እኔ ዘልዬው።

መለያው ቀላል ነው፦ ሁለቱንም ካራክተር 1 አድርግ። ካልተጨመረበት የሚመጣው በፕሮጀክቲቭ መስመሩ (በመነሻው በሚያልፉት መስመሮች ስብስብ) ላይ ያሉ ሎካሊ ኮንስታንት ፋንክሽኖች ስብስብ ነው፤ ውስጡ ቋሚ ፋንክሽኖች አሉ፣ ስለዚህ በግልጽ ይሰነጠቃል፤ ቋሚዎቹን ስታወጣ የሚቀረው ስቴይንበርግ ነው። ከተጨመረበት ግን አይሰነጠቅም። አዲስ ጽሑፍ ስትከፍት መጀመሪያ ይሄን ጠይቀው፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብብ። ለኤስኤል-ሁለት፣ በኖርማላይዝድ አጻጻፍ፣ ካራክተሩ ፍጹም ዋጋው ወይም ግልብጡ ሲሆን ብቻ ሳይሆን ኦርደሩ 2 ሲሆንም ይሰነጠቃል። ለ5-አዲክ እንዲህ ያሉ ሦስት ካራክተሮች አሉ፤ ከላይ በላምዳ 0 ያየኸው አንደኛው ነው።

ከበር ሊገባባቸው የማይችሉ ሪፕረዘንቴሽኖችም አሉ። ወደ መሃሉ ከተማ ተመለስና ቀሪን በ5 ብቻ ያዝ፤ ማትሪክሶቹ 24×20=480 ይሆናሉ። የዚህ ፊኒት ግሩፕ ኢሬዱሲብል ሪፕረዘንቴሽኖች 24 ናቸው፦ ዳይሜንሽን 1 ያላቸው 4፣ ዳይሜንሽን 5 ያላቸው 4፣ ዳይሜንሽን 6 ያላቸው 6፣ ዳይሜንሽን 4 ያላቸው 10። ሒሳቡን ዝጋ፦ 4+100+216+160=480። የመጨረሻዎቹ አሥሩ ከስፒዳል ናቸው። በየትኛውም በር ቆመህ፣ የዚያ በር ዩኒፖተንት ማትሪክሶች (ለበሩ በሚስማማ ቤዚስ ትሪያንግል ሆነው ዲያጎናላቸው 1 የሆነ) የማያንቀሳቅሱት ቬክተር በውስጣቸው ብትፈልግ ዜሮ ብቻ ታገኛለህ። ስድስቱም በር ዝግ ነው። ከእነዚህ አንዱን ወስደህ በመሃሉ አንጓ ጠባቂዎች ላይ ጫነው፣ በስኬሉም ላይ ካራክተር ስጠው፣ ከዚያ በኮምፓክት ኢንዳክሽን ወደ መላው ጂኤል-ሁለት አውጣው፤ ሱፐርከስፒዳል ይወጣልሃል። የዣኬ ሞጁሉ (በላይኛው ትሪያንግል ግሩፕ በኩል የሚታየው ክፍሉ) ዜሮ ነው፤ ከትንሽ ግሩፕ በኢንዳክሽን አይመጣም። በዚህ መንገድ የሚመጡት ዴፕዝ ዜሮ የሚባሉት ናቸው፤ ጠለቅ ያሉት ከዚህ በታች ባሉ ዙሮች ይሠራሉ፣ ለጊዜው ተዋቸው።

እስከዚህ ከሠራህ ወደ ኤስፒ-አራት፣ ባለ አራት በአራት ሲምፕሌክቲክ ግሩፕ፣ እለፍ፤ ቀጥታ ወደ አጠቃላዩ አትሂድ። በኤስኤል-ሁለት ሁለት ዓይነት (ነጭና ጥቁር) የነበሩት ማክሲማል አንጓ ጠባቂዎች እዚያ ሦስት ዓይነት ይሆናሉ። የፓራቦሊኮቹ (የላይኛው ትሪያንግል ግሩፕ ዘመዶች) ሌቪም፣ ማለትም በዲያጎናሉ ላይ የሚቀመጠው ክፍል፣ ሦስት ነው፦ ቶረሱ (ዲያጎናል ማትሪክሶቹ)፣ ጂኤል-ሁለት (ሲገል የሚባለው)፣ እና የጂኤል-አንድና የኤስኤል-ሁለት ጥምር (ክሊንገን የሚባለው)። ሁለተኛው ላይ ስትሠራ የጂኤል እውቀትህ ያገለግልሃል፤ ሦስተኛው ላይ የዳማ ሰሌዳው ተመልሶ ይመጣል።

ቀሪው ካርታ አጭር ነው። ለጂኤል-ኤን ሱፐርከስፒዳሎችን ሁሉ ቡሽኔልና ኩትስኮ በ1993 ገንብተዋል። ለክላሲካል ግሩፖች፣ ፒ ጎዶሎ ሲሆን፣ ሾን ስቲቨንስ በ2008። የላንግላንድስ ምደባን ለሲምፕሌክቲክና ለኦርቶጎናል ጄምስ አርተር በ2013 አወጣ። የሃው ዱዋሊቲን (የሁለት ግሩፖችን ሪፕረዘንቴሽኖች የሚያጣምረውን) ዋልድስፑርዤ በ1990 ለጎዶሎ ፒ አረጋገጠ፤ ጋንና ታኬዳ በ2016 የፒን ገደብ አነሱት። እነዚህን አሁን አትክፈታቸው። ስሞቹን የጻፍኩልህ አማካሪህ ሲጠራቸው እንዳትደነግጥ ነው።

የቤት ሥራ፦ ሁሉንም ለ3 ድገመው። የሦስት ዙር አንጓዎችን ቁጠር (53 መሆን አለበት)፤ ላምዳ 0 ሲሆን አራተኛው ዙር ላይ 1/9 ይምጣ፤ የፊኒቱ ግሩፕ ዝርዝር 48 ላይ ይዝጋ። ካልዘጋ ደውልልኝ። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ግን አትደውል፤ ድሬ ተኝታለች።